የጋራ አድራሻ

ፍሬሰንበት ያን ሳምንት ሙሉ ስልኳን አላነሳችም።

ስልኩ ጠዋት ይጠራል። ቀትር ላይ፣ የጋምቤላ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲያንከራትት፣ ይጠራል። ከባሮ ወንዝ የሚነሳው ነፋስ የምትሠራበትን ሆስፒታል የማንጎ ዛፎች ማወዛወዝ ሲጀምር ደግሞ ይጠራል። ስሙ መስታወቱ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ልቧ ቀድሟት ይነሳል፤ እጇ ግን አይታዘዝላትም። «ኩዎል» ይላል ጽሑፉ። እንዲህ ያለ አጭር ስም ይህን ያህል ማመሙ ይገርማታል። ጥሪው እስኪያልቅ ታየዋለች፤ ካለቀ በኋላም የጠቆረውን መስታወት ታያለች።

ያሳመማት ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰማችው ነገር ነው። የኩዎል ጓደኛ ጀምስ ባጃጅ ነጂ ነው። ከሽንኩርት ተራ አጠገብ ሲያያት ባጃጁን አቆመና ሳቀላት።

«ፍሬ! እንግዲህ እንዴት ልትሆኚ ነው?» አላት። «ኩዎልና እህቱ ስማቸው ወጣ አይደል፤ ካናዳ ሊገቡ ነው።»

«አዎ፣ ነግሮኛል» አለች።

አልነገራትም ነበር። ፈገግ እንዳለች ሽንኩርቷን ተቀበለች፣ ፈገግ እንዳለች ባሮ ድልድይ ድረስ ሄደች። እዚያ ስትደርስ አቅቷት የድልድዩን ብረት ተደገፈች። ከታች ልጆች ይዋኛሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው አሸዋው ላይ ቆመዋል። ወንዙ ሳይቸኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ይፈሳል፤ ኩዎል ሕፃን እህቱን ተሸክሞ ወደመጣበት አገር። ወንዙም ይሄዳል፣ እሱም ይሄዳል፣ አለች በልቧ። የምትቀረው እሷ ብቻ መሰለቻት።

*

የተዋወቁት በዝናብ ነው።

ፍሬሰንበት በከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ባለፈው ክረምት መብረቅ ወርዶ የሆስፒታሉን ራውተር አቃጠለው። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ያ አንድ ሳጥን ነበር፤ እሱ ሲሞት ሁሉም ዝም አለ። የባሰው ደግሞ የፑኝዶው ነገር ነው። በፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ አጠገብ ያለው ክሊኒክ የነፍሰ ጡሮችን የአልትራሳውንድ ምስል የሚልከው ወደዚህ ሆስፒታል ነው፤ ሐኪም ያለው እዚህ ነውና። ሳጥኑ ከተቃጠለ እናቶቹን የሚያይላቸው አልነበረም።

በማግስቱ ከፑኝዶ አውቶቡስ አንድ ረጅም ወጣት ወረደ። ዝናቡ ከእግር እስከ ራሱ አበስብሶታል። ደረቱ ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ ያቀፈው ነገር ግን ጠብታ አልነካውም። የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ያላቸውን ትርፍ ራውተር በውሰት ይዞ መምጣቱ ነበር።

«ማሌ» አለ በኑዌርኛ ሰላምታ፣ በሩ ላይ ቆሞ ውሃውን እያራገፈ። «አንተ ነህ ፍሬሰንበት?»

ሳቀች። ከመብረቁ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «አንቺ ነው የሚባለው።»

«ይቅርታ። አማርኛ ከፑኝዶ ገበያ ነው የተማርኩት።» ዐይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ ጨመረ፤ «በእኛ ቋንቋ ሁሉም ሰው አንድ ነው።»

ያን ቀን ከቀትር እስከ አመሻሽ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሠሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየተጯጯሁ ተነጋገሩ፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን የሚናገሩት ጠፋባቸው። ሥራው አልቆ ኮምፒውተሮቹ ሲነሱ፣ ሁለቱም እንዳላለቀ ሆነው ሽቦ እያስተካከሉ ቆዩ።

«አንድ ብቻ ካለሽ፣ የለሽም ማለት ነው» አላት ሲሄድ። «ሁለተኛ ግዙ።»

ሆስፒታሉ ሁለተኛ ራውተር ለመግዛት ብዙ ወራት ፈጀበት። በነዚያ ወራት ኩዎል የመውጫ ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ይመጣል። «አንቺ»ን ካወቀው በኋላም ሲያሾፍባት ብቻ «አንተ» ይላታል፤ እሷም ያንን ከማንም አፍ የማትሰማውን ስህተት እንደ ቁልምጫ ትወደዋለች። ባሮ ዳር አሸዋው ላይ ተቀምጠው የሚሠሩትን ሥራ በእንጨት ይሥልላታል።

«ይሄኛው የራሱ አድራሻ አለው» ይላል። «ያኛውም የራሱ አለው። መሃል ላይ ግን ሦስተኛ አድራሻ እናደርጋለን፤ የጋራ ነው። የአንዱም ብቻ አይደለም። የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። ዛሬ ይሄ ይሠራበታል። ይሄ ሲሞት ያ ይይዘዋል። ሐኪሙ አያውቅም፣ በሽተኛው አያውቅም።»

«መሞቱን በምን ያውቃል ያኛው?»

«ዋናው ሁልጊዜ ድምፅ ያሰማል፤ ‹አለሁ፣ አለሁ› ይላል። ድምፁ ከጠፋ ሁለተኛው ይነሳል።»

ይህን ሁሉ ኮሌጅ ተምራዋለች። ግን ዝም ብላ ሰማችው። ድምፁ ከወንዙ ድምፅ ጋር ሲቀላቀል፣ የሚናገረው ስለ ማሽን ይሁን ስለ ሌላ ነገር መለየት አቅቷት፣ ወይም መለየት ሳትፈልግ፣ ፀሐይዋ ከማዶ ካሉት ዛፎች ኋላ ስትገባ አብራው አየች።

ለአባቷ የነገረችው የበቆሎ አጨዳ ጊዜ ነው። አቶ ወንዳፈረው አቦቦ አጠገብ ባለ የሰፋሪዎች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የቀሩ። ሲሰሟት አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ስደተኛ ነው ብዬ አልንቀውም» አሏት። «እኔም በመንግሥት መኪና ተጭኜ ነው እዚህ የወረድኩት። ግን ልጄ፣ አንድ እግሩ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ይጠሩታል። ቢጠሩት ደግሞ አይፈረድበትም። አንቺ ግን መንገድ መንገዱን ስታዪ ታረጂብኛለሽ።»

«ጥሎኝ አይሄድም አባዬ!» ብላ በእናቷ አፅም ምላ ነበር። የጀምስ ወሬ ሁለት ጊዜ የወጋት ለዚህ ነው። አንዴ በኩዎል፣ አንዴ በመሐላዋ።

*

አዲሱ ራውተር የገባው ያን ሳምንት መሆኑ ዕጣ ፈንታ ይመስላል። አንደኛውን፣ እስካሁን ሲሠራ የነበረውን፣ ፍሬሰንበት ራሷ በዋናው ሕንፃ ውስጥ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ሁለተኛው የሚቀመጠው ከግቢው ማዶ፣ ማዋለጃው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሕንፃ መብራት ቢጠፋበት ወይም መብረቅ ቢመታው ሌላው እንዲተርፍ። እሱን የሚያዘጋጀው ኩዎል ነበር፤ ረቡዕ መጣ። እሷ አሞኛል ብላ ቤቷ ዋለች። ብቻውን ሠርቶ፣ ገመዱን ሳያገናኝ ትቶ፣ ተመለሰ። ከዚያም መደወሉን ቀጠለ። ካለፉት ቀናት ይበልጥ ደወለ። አላነሳችም።

እሑድ የሙከራው ቀን ነው። ሆስፒታሉ ጭር የሚለው ያን ቀን ነውና ሁለቱም መገኘት ነበረባቸው።

በር ላይ ተገናኙ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከስቷል። እሷም ከስታለች፤ እሱ ያየው እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ደህና ነሽ?» አላት።

ነሽ። ምንም ስህተት የለበትም። ለማንኛዋም ሴት እንደሚባለው ያለ፣ የተስተካከለ አማርኛ ነው። ፍሬሰንበት ውስጧ የሆነ ነገር ሲዘጋ ተሰማት።

«ደህና። ሥራ እንጀምር» አለችና ፊቷን አዞረች።

እሱ ወደ ማዋለጃው፣ እሷ ወደ ዋናው ሕንፃ ተለያዩ። ማዋለጃው ክፍል ውስጥ የፈረቃው ኃላፊ ሲስተር ሀያቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። መስታወቱ ላይ የፑኝዶዋ አዋላጅ ነርስ አንዲት ነፍሰ ጡር አስተኝታ ምስሉን እያሳየቻት ነው። ፍሬሰንበት በተባባሉበት ሰዓት ወደ ሁለተኛው ራውተር የሚሄደውን ገመድ ሰካች።

ወዲያው የውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«ፍሬ! ምን አደረግሽው?» አለች ሀያቱ። «አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል! የልጁን ልብ እያየሁ ነበር እኮ!»

ፍሬሰንበት የራሷን ራውተር አየች፤ «ዋናው እኔ ነኝ» ይላል። ለማዋለጃው ደወለች፤ ኩዎል አነሳ። ለሥራም ቢሆን በዚያ ሳምንት ድምፁን በስልክ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያንተኛው ምን ይላል?»

«ዋና ነኝ ይላል» አለ። «የአንቺኛውን አይሰማም። ሞቷል ብሎ አድራሻውን ይዞታል።»

ሁለቱም አንድ አድራሻ ይዘው እየተሻሙ ነበር። ገመዱን ነቀለች፤ ምስሉ ተመለሰ፤ ሀያቱ ተነፈሰች። ፍሬሰንበት ግን እዚያው ልታቆመው አልፈለገችም። በግቢው ፀሐይ አቋርጣ ወደ ማዋለጃው ሄደች። ገብታ ከራውተሩ ጋር የተያያዘውን ላፕቶፕ ወደ ራሷ ሳበች። ኩዎል ገለል አለላት። የትከሻው ሙቀት ግን አልራቀም።

«የይለፍ ቃላቸው አልገጠመም» አለ ቀስ ብሎ። «ሲነጋገሩ የሚተዋወቁበት ቃል አለ አይደል? የድሮውን ማንም ያውቀዋል ብዬ ረቡዕ ቀየርኩት። ልነግርሽ ደወልኩ።»

«መልእክት መጻፍ አትችልም ነበር?»

«የይለፍ ቃል በጽሑፍ አይላክም፣ በአፍ ነው የሚነገረው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። ከንፈሯን ነከሰች። «እሺ፣ አሁን በአፍህ ንገረኝ። ምንድን ነው?»

ኩዎል ዐይኑን ከላፕቶፑ አነሳ። ከዚያ፣ «አልሄድም» አለ።

«ሂድ ያለህ ማን ነው? የይለፍ ቃሉን ነው የጠየቅሁህ።»

«እሱን ነው የነገርኩሽ። አልሄድም። በእንግሊዝኛ ፊደል።»

ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ ተወው። ሲስተር ሀያቱ ኮምፒውተሯን ትታ፣ ምንም ያላጋደለ መጋረጃ ታቃና ጀመር። ፍሬሰንበት ተነሳች። የምትሄድበትን ሳታውቅ ወጣች፤ የማንጎው ጥላ ሥር ስትደርስ ሥሩ ላይ ተቀመጠች።

ተከትሏት መጣ። አልተቀመጠም።

«ባለፈው ሳምንት ዓርብ ነው የጠሩን» አለ። «እህቴን ኛጋይንና እኔን። የስደተኞች ቢሮው ውስጥ ብዙ ሰው ነበር፤ ሁሉም ይስቃል። ስሜን ሲጠሩ እኔ አልሳቅኩም። ኛጋይ አየችኝ። ከቢሮው ወጥተን ‹አንተ አትፈልግም› አለችኝ።»

«ኩዎል...»

«ልጨርስ። አማርኛው አንዴ ከጠፋብኝ አላገኘውም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከደቡብ ሱዳን፣ ከናስር ስንሸሽ ኛጋይ ትንሽ ነበረች፤ ውሃው ውስጥ በትከሻዬ ነው ያሻገርኳት። አሁን ትልቅ ሴት ናት። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ‹በቃ፣ ከትከሻህ ልውረድ› አለችኝ። ረቡዕ ከመምጣቴ በፊት ቢሮ ገብቼ ስሜን አስወጣሁ። እሷ ትሄዳለች። ሰውየው እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ወደ አንቺ መጣሁ። አልነበርሽም።»

ፍሬሰንበት እንባዋን መመለስ ተወች። ያፈሰሰችው ግን ደስታን ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት።

«ማን ቅርልኝ አለህ?» አለችው፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ጠየቅሁህ? እህትህ በባዕድ አገር ብቻዋን ሆና ስልክ ላይ ስታለቅስብህ፣ ያን ቀን ዞር ብለህ ስታየኝ ምን ልታይ ነው? ይህችን ብዬ ነው የቀረሁት አትልም? እኔ ይህን ዕዳ እንዴት ልሸከመው?»

ኩዎል ከፊቷ ተንበረከከ። ዐይኑ ከዐይኗ ትክክል ሆነ።

«አለቅስ ይሆናል» አለ። «አልዋሽሽም። የዚያን ቀን አለቅሳለሁ። ግን አጠገብሽ ሆኜ ነው የማለቅሰው። እዚያ ብሄድ ደግሞ ማን አጠገብ ሆኜ ነው አንቺን የማለቅሰው?»

ነፋሱ ቅጠሉን አርገፈገፈው። ብርሃኑ በመካከላቸው መሬት ላይ ተበታትኖ ሲጫወት፣ ፍሬሰንበት ዓለም ሁሉ ከዚያች የጥላ ክብ ውጭ የቀረ መሰላት። ገበያው፣ መንገዱ፣ ወሬው፣ ሁሉም ሩቅ ነው።

«ከጀምስ አፍ ነው የሰማሁት» አለችው። «ካንተ ቢሆን ኖሮ...»

«ልነግርሽ እኮ ነው የደወልኩት።»

«አውቃለሁ። አሁን አወቅሁ።» እጇን ዘርግታ ፊቱን ነካችው፤ ከአንድ ክረምት በላይ ልትነካው ስትፈልግ የኖረችውን ፊት። «ይቅር በለኝ።»

ኩዎል መዳፏን በጉንጩና በትከሻው መካከል ይዞ ዐይኑን ጨፈነ። ለአንድ ሙሉ ሳምንት ሞተ ያለችው ነገር በእጇ ሥር ይሞቅ ነበር።

*

ተመልሰው ሥራውን ጨረሱ። እሷ በዋናው ሕንፃ ቃሉን ፊደል በፊደል ስትጽፍ እያንዳንዱ ፊደል ጣቷ ላይ ይቀርላታል። ገመዱን ሰካች። ሁለቱ ራውተሮች ተሰማሙ፤ አንዱ ዋና ሆነ፣ ሌላው ተጠባባቂ። የቀረው ፈተናው ነው፤ ዋናውን ሆነ ብሎ መግደል። ስልኳን አንስታ ደወለችለት። ገና ሳይጮኽ አነሳው።

«ልነቅለው ነው» አለችው።

«ንቀዪው። እዚህ ነኝ።»

የኤሌክትሪኩን ገመድ መዘዘች። የራውተሩ መብራቶች ጠፉ። ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። በስልኩ ውስጥ የማዋለጃውን ክፍል ድምፅ ትሰማለች፤ የፑኝዶዋ አዋላጅ በመስታወቱ ላይ ስለ እናትየዋ ደም ግፊት ትናገራለች፤ አንድ አፍታ ቃሏን የዋጠች መሰለችና ቀጠለች። ከጀርባዋ ገና ያልተወለደው ልጅ ልብ፣ ቱክ ቱክ ቱክ፣ እንደሚሮጥ ፈረስ ይመታል።

«እናንተ ሰዎች» አለች ሲስተር ሀያቱ በትዕግሥት ማጣት፤ «መቼ ነው የምትነቅሉት? እኔ ሥራ አለብኝ እኮ።»

«ነቅለነዋል ሲስተር» አለ ኩዎል።

ፍሬሰንበት በባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች፤ እሱም አልዘጋም። ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ፣ በሁለት ሕንፃዎች ውስጥ ሆነው፣ ያንን የሚሮጥ ትንሽ ልብ አብረው ሰሙ።

*

ወደ ፑኝዶ የሚሄደው አውቶቡስ በአቦቦ ያልፋል። ኩዎል ሲሳፈር ፍሬሰንበትም አብራው ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የት ነው?» አላት።

«አባቴ ጋ። ፈቃድህ እስከ ነገ ነው አይደል?»

ሳሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከሳሩ በላይ ሰማዩ ወደ ወርቅማነት ይቀየራል። በአልዌሮ ግድብ በኩል የሩዝ ማሳ ሩቅ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ታየና ጠፋ። እጇን እጁ ውስጥ ትታ ስታይ፣ የምትፈራውን ሁሉ እያሰበችም ቢሆን፣ ፍርሃቱ የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ልቧ ጸጥ ብሎ ነበር።

አቶ ወንዳፈረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የመቆፈሪያ እጀታ ይጠርባሉ። ኩዎል ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። መጥረቢያውን አስቀመጡ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እሱን አዩ።

«ተጠርቷል ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ።

«እህቴ ናት የምትሄደው አባባ። እኔ ስሜን አስወጥቻለሁ።»

«ለልጄ ብለህ?»

ኩዎል አሰበበት። «ለእሷም ነው» አለ። «ግን ለእኔም ነው። ከናስር ስወጣ ሰው አባሮኝ ነው የወጣሁት። ፑኝዶም ሰው ነው ያስቀመጠኝ። አንድ ቦታ ራሴ መርጬ መቀመጥ ፈለግሁ።»

ሽማግሌው የጠረቡትን እጀታ አንስተው አገላበጡት። ከብቶች ሲገቡ ተሰማ፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀይ ሆኖ ተነሳ። ፍሬሰንበት አባቷ የሚሉትን እየጠበቀች በሩን ይዛ ቆማለች። እንቢ ቢሉ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ አብራው እንደምትሆን ግን ታውቃለች። የአባቷን ፊት ማየት የከበዳትም ለዚህ ነው።

«እህትህን ማን ይሸኛታል?» አሉ አቶ ወንዳፈረው በመጨረሻ።

«እኔ ነኛ። ሌላ ሰው የለንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ከወሎ ስነሳ የሸኘኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ከወንዝ ወዲያ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። መኪናው ሲነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ እጁን የሚያነሳልኝ አንድ ሰው አጣሁ። ለብዙ ዘመን ያንን ነው በሕልሜ የማየው፤ ባዶውን ሜዳ።» ድምፃቸውን ጠረጉ። «ቀኑን ሲነግሯችሁ ላክብኝ። ፑኝዶ እመጣለሁ። ልጅቷ ከመኪናው ሆና ዞር ስትል ሰዎች ትይ። አንተም ብቻህን አትቁም።»

ኩዎል ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ያዘ። እሳቸውም፣ ፍሬሰንበት ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ያንን ሻካራ እጃቸውን፣ ራሱ ላይ አሳረፉት።

ስለ ጋብቻ ማንም ምንም አላለም። ፍሬሰንበት ለእንግዳው እጅ ማስታጠቢያ ውሃ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውሃውን በጆጉ ቀዳች፤ ግን ጆሮዋ ደጅ ስለነበር ጆጉ መሙላቱን አላየችም፤ ውሃው ጠርዙን እየዘለለ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ቀዝቃዛ ነው። አልጠረገችውም። ከውጭ የሁለቱ ወንዶች ድምፅ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀሰስተኛ፣ ስለ ዘንድሮ በቆሎ ሲያወራ ይሰማታል። ጨለማው ቀስ እያለ ወደ ጓዳው ሲገባ፣ ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደስታ እንዲህ ከባድ ነገር መሆኑን እየተማረች ቆመች።